ኤክስትሪም ሜታልና ጉልበተኛው ኤሌክትሮኒክ የት ላይ ይገናኛሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አድማጮች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኤክስትሪም ሜታል የሚባለው የትኛው ነው? ጉልበተኛው ኤሌክትሮኒክስ?

ኤክስትሪም ሜታል ከሄቪ ሜታል ወጥተው ጽንፍ የያዙ ዘውጎች የጋራ መጠሪያ ነው። ዴዝ ሜታል፣ ብላክ ሜታል፣ ግራይንድኮርና ዱም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጊታሩ ወፍሮና ሻክሮ ይመጣል፣ ድራሙ ወይ ከልክ በላይ ይፈጥናል ወይ እንደ ዱም ከልክ በላይ ይጎተታል፣ ድምፃዊው ደግሞ በመዝፈን ፋንታ ያጓራል ወይም ይጮኻል።

የኤሌክትሮኒኩም ቤተሰብ ሰፊ ነው። የሆላንዷ የሮተርዳም ከተማ ጋበር፣ ከእሱ የወጣው ስፒድኮር፣ የበርሊኑ ዲጂታል ሃርድኮር፣ የድራም ቅጂ ቆራርጦ እንደገና የሚገጣጥመው ብሬክኮር፣ ከሁሉም ቀድሞ የመጣው ኢንዱስትሪያል ሁሉም እዚህ አሉ። መሣሪያው በየክለቡ ከሚሰማው ሃውስ ጋር ያው ነው፦ ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽን፣ ኮምፒውተር። እዚህ ግን ማሽኑ ሰውን ዘና ለማድረግ አልተቀጠረም።

ለእኔ ሁሉም ጩኸት ነው። ምኑን ነው የምሰማው?

ድራሙን ተከተሉ። ግጥሙን ለመያዝ መታገል ብዙ አያዋጣም፤ ብዙ ጊዜ የባንዱ አድናቂዎች ራሳቸው ወረቀት ካላዩ አይሰሙትም። በየሠርጉና በየድግሱ ፉከራ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህ ነገር ሊገባው ይገባል፦ ፎካሪው ቃሉን እየዋጠ ሲያጓራ ያልተሰማው ቃል ሳይሆን የጉሮሮው ጉልበት ነው ታዳሚውን ከመቀመጫው የሚያስነሳው። የዴዝ ሜታል ድምፃዊም ድምፁን እንደ አንድ የምት መሣሪያ ነው የሚጠቀምበት።

አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። የሎስ አንጀለሱ ፊር ፋክተሪ በ1995 ያወጣው «ዲማኑፋክቸር» የተባለ አልበም አለ። የመጀመሪያውን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱና ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) ብቻ ፈልጉ። ካገኛችሁት በኋላ ወደ ጊታሩ ዙሩ። ጊታሩ የሚመታው ዜማ እንዳልሆነ፣ የኪኩን ምት አንድ በአንድ እየተከተለ እንደሚተኮስ ትሰማላችሁ። ይህን አንዴ ከለያችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይቀልላችኋል።

የትኛው ነው የሚፈጥነው?

በቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ በሚመታው ምት ብዛት ካየነው፣ ጋበር ከ160 እስከ 190 አካባቢ ይሄዳል። ስፒድኮር 300ን ያልፋል። ፈጣኑ ዴዝ ሜታልና ግራይንድኮር ብዙውን ጊዜ ከ200 በላይ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። በ180 የሚሄድ ጋበር በሴኮንድ 3 ኪክ ነው የሚያሰማው። በ240 የሚጫወት የሜታል ድራመር ግን ሁለት እግሩን እያፈራረቀ በእያንዳንዱ ምት 4 ጊዜ ፔዳሉን ከረገጠ በሴኮንድ 16 ኪክ ያወጣል። በብዛት ሜታሉ ይበልጣል፤ በአንዱ ምት ግዝፈት ደግሞ ጋበሩ።

ማሽን ስለማይደክም ነገሩ እዚህ ላይ አልቆመም። 1000 ቢፒኤምንና ከዚያ በላይ የሚሄድ ኤክስትራቶን የሚባል ዘውግ አለ። ጆሯችን በሴኮንድ 20 ገደማ የሚደርሱ ምቶችን ሲሰማ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተውና እንደ አንድ የወፈረ ተከታታይ ድምፅ ይይዛቸዋል። በሴኮንድ 20 ማለት 1200 ቢፒኤም ነው። ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱን በጨመራችሁ ቁጥር የምትሰሙት የፈጠነ ከበሮ ሳይሆን ከፍ እያለ የሚሄድ ኖታ ነው። የብላክ ሜታል ጊታሪስት አንዷን ክር ያለ ዕረፍት ወደ ላይና ወደ ታች ሲመታ የሚፈጠረው ነገር የዚሁ ዘመድ ነው፤ ምቱ ይጠፋና የድምፅ ግድግዳ ይቀራል።

ዲስቶርሽን ለምን በሁለቱም በኩል ይህን ያህል ይወደዳል?

የጠቅላላው ነገር ቁልፍ እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ ድምፅ ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ክብ የነበረው ቅርጽ ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ከፍ ከፍ ያሉ ድምፆች ይወለዳሉ፤ ሻካራነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በጮኸውና ዝግ ባለው መካከል የነበረው ልዩነት ይጠብና እየደከመ መጥፋት የነበረበት ድምፅ ረዝሞ ይቆያል። የሜታል ጊታር አንዴ ተመትቶ የሚያንባርቀው ለዚህ ነው።

የጋበር ሠሪዎች ያደረጉት ይህንኑ በጊታር ፋንታ በከበሮ ላይ ነው። ሮላንድ በ1983 ያወጣው ቲአር 909 የተባለ ድራም ማሽን ኪኩ አጭርና ንጹሕ ነው፤ «ዱም» ብሎ ይጠፋል። በማደባለቂያው ላይ መግቢያውን እስከ ጥግ ሲከፍቱት ግን ጅራቱ ይረዝማል፣ ይሻክራል፣ በሁለት ምት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላል፣ አልፎ ተርፎም የራሱ ኖታ ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ ቤዝም ጊታርም አያስፈልግም፤ ኪኩ ሁሉንም ሆኗል። በአጭሩ ጋበር ከበሮውን ጊታር አደረገው፣ ፊር ፋክተሪን የመሰሉት ደግሞ ጊታሩን ከበሮ አደረጉት። ሁለቱ ሙዚቃዎች የተገናኙት በጩኸታቸው ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በምቱ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የተገናኙት የት ነው?

አንድ ከተማ ጥሩ ከተባልኩ በርሚንግሃምን እጠራለሁ። ብላክ ሳባትን ያፈራች የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ሁለት ጣቶቹ ጫፋቸው የተቆረጠው የብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው። ናፓልም ዴዝም የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው፤ «ስከም» የተባለው አልበማቸው በ1987 በኖቲንግሃሙ ኢርኤክ ሪከርድስ ወጣ፤ 28 ዘፈን አለው፣ አንዱ ከሁለት ሴኮንድ በታች ነው። ግራይንድኮር የሚባለውን ዘውግ መልክ ያስያዘው ይህ አልበም ነው።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግን ከአልበሙ በኋላ ሰዎቹ የሄዱበት መንገድ ነው። በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጊታር የመታው ጀስቲን ብሮድሪክ በ1988 ጎድፍሌሽን አቋቋመ፤ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ማሽን ብቻ፣ ድራመር የለም። የ1989ኙን «ስትሪትክሊነር» አልበም ሌሎች ባንዶች እስካሁን ይኮርጁታል። ብሮድሪክ በኋላ ከኬቪን ማርቲን ጋር በቴክኖ አኒማል፣ ለብቻው ደግሞ ጄኬ ፍሌሽ በሚል ስም ቴክኖ ሠርቷል። ድራመሩ ሚክ ሃሪስ፣ «ብላስት ቢት» የሚለውን ስም (ያለ ዕረፍት እጅግ በፍጥነት የሚወርደውን የድራም ምት) ያስለመደው ሰው፣ በ1991 ባንዱን ለቆ ስኮርን በተባለው ፕሮጀክቱ ወደ ዝግታና ወደ ከባድ ቤዝ ገባ። በዓለም ፈጣን ከሚባሉት ድራመሮች አንዱ የነበረ ሰው ማሽን ፊት ተቀምጦ ቀስ ያለ ዱብ (ከሬጌ የወጣ፣ ቤዝ የሚገንበት ሙዚቃ) ሲሠራ ብዙ የሜታል ወዳጅ ግራ ተጋብቶ ነበር።

ከውቅያኖስ ማዶ፣ ቺካጎ፣ ሚኒስትሪ መንገዱን በተቃራኒው ተጓዘ። በ1983 ለስላሳ የሲንተሳይዘር ፖፕ አልበም ያወጣው አል ጆርገንሰን ከ1988 ጀምሮ ጊታር ሳምፕል እያደረገ (ከተቀዳ ድምፅ ቆርጦ እየወሰደ)፣ አንዷን ሐረግ እየደጋገመ፣ በ1992 «ሳልም 69» ላይ ሲደርስ የሜታል መድረኮች ዋና እንግዳ ሆነ። አንዱ ከጊታር ወደ ማሽን፣ ሌላው ከማሽን ወደ ጊታር መጡ ማለት ነው።

ድራም ማሽን መጠቀም ማጭበርበር አይደለም?

የሜታል አድማጭ የድራመርን ላብ ያከብራል፤ ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ ነው። ግን ማጭበርበር የሚሆነው ማሽኑን ሰው አስመስሎ ለመሸጥ ሲሞከር ነው። ጎድፍሌሽ ማሽን መሆኑን አይደብቅም። የዘፈኖቹ ጭካኔም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ያ ምት አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ ጊታሪስቱ ቢሳሳት አይጠብቀውም። የኖርዌዩ ሚስቲከም በ1996 ብላክ ሜታልን በድራም ማሽን ሠርቷል። በዚያው ዓመት የስዊዘርላንዱ ሳማኤል «ፓሴጅ»ን ሲያወጣ ድራመሩ ራሱ ከበሮውን ትቶ ምቱን በፕሮግራም ጻፈ። የአሜሪካኖቹ አጎራፎቢክ ኖዝብሊድ በ2003 100 ዘፈኖችን በ20 ደቂቃ ገደማ ያጨቁት የሰው እጅ በማይደርስበት ፍጥነት በማሽን ነው።

ደግሞ ድንበሩ ድሮውኑ የተደበላለቀ ነው። ዛሬ በብዙ የዴዝ ሜታል አልበሞች የምትሰሙት ኪክ ድራመሩ የረገጠው ከበሮ የራሱ ድምፅ አይደለም። ትሪገር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ከበሮው ላይ ይለጠፋል፣ ምቱ በተሰማው ቁጥር አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ይለቃል። የስዊድኑ ሜሹጋህ በ2005 «ካች ሰርቲስሪ»ን ያወጣው ድራሙን በኮምፒውተር ፕሮግራም አድርጎ ነው፤ የተጠቀመበት የድምፅ ስብስብ የራሱ ድራመር ከበሮ እየመታ የተቀዳበት ነበር። ሰውዬው ሳይቀመጥ መታ ማለት ይቻላል።

ጋበርን ከሜታል ምን አገናኘው?

ከላይ ያልኩት የተጎሳቆለ ኪክ፣ ሲቀጥልም አንድ የሙዚቃ አሳታሚ። የጋበር ዘር የሚቆጠረው በ1990 ማርክ አካርዲፓን ፍራንክፈርት ላይ ከሠራው «ዊ ሃቭ አራይቭድ» ነው። ይህንኑ ሥራ የኒውዮርኩ ሌኒ ዲ ኢንደስትሪያል ስትሬንግዝ የተባለ ድርጅቱን ሲከፍት የመጀመሪያ ሸክላ አድርጎ አወጣው። ሮተርዳም ውስጥ ፖል ኤልስታክ በ1992 ሮተርዳም ሪከርድስን አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲያ የወደብ ከተማዋ ልጆች ራሳቸውን ተላጭተው፣ ቱታ ለብሰው፣ እግር ብቻ በሚያስጨንቅ ጭፈራ ሌሊቱን ያነጉት ጀመር።

ናፓልም ዴዝን ያሳተመው ኢርኤክ ይህን ችላ አላለም። በ1994 አልትራቫዮለንስ የተባለውን የእንግሊዝ ሃርድኮር ቴክኖ ፕሮጀክት አልበም ለዴዝ ሜታል ደንበኞቹ አቀረበ። ብዙዎቹ አልወደዱለትም፤ ያም ሆኖ በሩ ተከፈተ። በ2000 እዚያው ቤት የወጣው የሜልቦርኑ ዘ በርዘርከር የመጀመሪያ አልበም ውሕደቱ የተሟላበት ነው እላለሁ። መሥራቹ ከጋበር ዲጄነት የመጣ ሰው ስለሆነ ከበሮው የጋበር ኪክ ነው፣ ጊታሩና ማጓራቱ ደግሞ ያልተበረዘ ዴዝ ሜታል። ለመስማት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስሌየርና አታሪ ቲንኤጅ ራዮት በእውነት አብረው ሠርተዋል?

አዎ። በ1997 ለ«ስፖን» ፊልም የተዘጋጀው የሙዚቃ አልበም ሐሳቡ አንድን የሮክ ወይም የሜታል ባንድ ከአንድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛ ጋር ማጣመር ነበር። ሜታሊካ ከዲጄ ስፑኪ፣ የሜታሊካው ከርክ ሃሜት ለብቻው ከኦርቢታል፣ ኮርን ከደስት ብራዘርስ ተጣመሩ። አብዛኛው ጥምረት በትህትና የተደረገ ሪሚክስ ነው። የአሜሪካው ሜታል ባንድ የስሌየርና የአታሪ ቲንኤጅ ራዮት ግን ተናንቀው የገቡበት ነው፤ የትኛው ጫፍ ጊታር፣ የትኛው ማሽን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

አታሪ ቲንኤጅ ራዮት በ1992 በርሊን ውስጥ የተቋቋመ ቡድን ነው፤ መሪው አሌክ ኤምፓየር ነው። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ በስደተኞች ላይ ጥቃት በበዛበት ሰሞን ጸረ ናዚ መፈክር ይዘው ወጡ። የሜታል ጊታር ሐረጎችን ሳምፕል አድርገው በፈጠነ የተቆራረጠ ድራም ላይ ጫኑ፣ በላዩም ሦስት ሰው ይጮኻል። ባንድ ለማቆም ገንዘብ ለሌለው ወጣት መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ጊታሪስት አያስፈልግም፣ ያረጀ ኮምፒውተር ይበቃል። በ1999 ለንደን ብሪክስተን አካዳሚ ከናይን ኢንች ኔይልስ በፊት መድረክ ላይ ወጥተው ዘፈን የሚባል ነገር ሳይጫወቱ ወደ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ጩኸት ብቻ አወረዱበት። የቀጥታ ቅጂው ታትሞ ወጥቷል። እኔ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ፣ አይበቃኝም የሚል ካለ ይስማው።

ብላክ ሜታል ኮምፒውተርና ዘመናዊ ነገር ይጠላል ይባላል። ታዲያ ከኤሌክትሮኒክ ምን ያገናኘዋል?

አቋሙ እንደዚያ ይመስላል፣ ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። የኖርዌዩ ሜይሄም በ1987 ያወጣው «ዴዝክራሽ» የሚከፈተው በጊታር አይደለም፤ የጀርመን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፋና ወጊ በሆነው በኮንራድ ሽኒትስለር ሥራ ነው። የሜይሄም ጊታሪስት ዩሮኒመስ የሽኒትስለር አድናቂ ነበር። የዳርክስሮኑ ፌንሪዝ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔፕቹን ታወርስ በሚል ስም ሲንተሳይዘር ብቻ የሆኑ አልበሞች አወጣ። ኡልቨር ደግሞ ጫካና ተኩላ ሲዘምር ቆይቶ በ2000 «ፐርዲሽን ሲቲ»ን ሲያወጣ ጨርሶ የኤሌክትሮኒክ ቡድን ሆኖ ነበር።

ምክንያቱ ድግግሞሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ብላክ ሜታል እንደ ቴክኖ አንዷን ሐረግ አምስት ደቂቃ ይዞ ጥቂት ጥቂት እየቀያየረ አድማጩን ያፈዛል። ዴዝ ሜታል በየ10 ሴኮንዱ ሐረግ ይለውጣል፤ ስለዚህ ዴዝ ሜታልን ያገባው ብሬክኮር ነው፣ ብላክ ሜታልን ደግሞ ቴክኖና አምቢየንት (ምት የማይበዛበት፣ ድባብ የሚፈጥር ሙዚቃ)።

ብሬክኮርስ?

ሁለት ስም ይዛችሁ ሂዱ። ድራምኮርፕስ በ2006 «ግሪስት»ን ሲያወጣ የግራይንድኮር ጊታርና ጩኸትን እንደ ድራም ቅጂ ቆራርጦ ነው የሠራው፤ በዚህ ዘውግ ከእሱ የተሻለ መግቢያ የለም። ፈረንሳዊው ኢጎር (ትክክለኛ ስሙ ጎቲየ ሰር) ደግሞ ኦፔራ፣ አኮርዲዮን፣ ዴዝ ሜታልና ብሬክኮርን አንድ ላይ ይፈጫል። በ2017 በሜታል አሳታሚው ሜታል ብሌድ በኩል የወጣው «ሳቬጅ ሲነሶይድ» የተሠራው ያለ ሳምፕል፣ ሁሉም በሰው ተጫውቶ ተቀድቶ ነው። የሚሰማው ግን ኮምፒውተር የበተነው ነገር ነው፤ ሜሹጋህ ያደረገውን ገልብጡት።

አፍሪካ ውስጥ እንዲህ የሚሠራ አለ?

አለ፤ ባለፉት ዓመታት ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠውም ከጎረቤታችን ነው። ዱማ ከናይሮቢ የሜታል መድረክ የወጡ ሁለት ሰዎች፣ ማርቲን ካንጃና ሳም ካሩጉ፣ ያቋቋሙት ቡድን ነው። በ2020 የወጣው አልበማቸው ድራመር የለውም፣ በተለመደው መንገድ የሚመታ ጊታርም የለውም ማለት ይቻላል። በፕሮግራም የተሠሩ ብላስት ቢቶች፣ የሚጮህ ኖይዝ፣ በላዩ ላይ ከዴዝ ሜታል የመጣ ጉሮሮ አለ። ያሳተመው የካምፓላው ኒዬጌ ኒዬጌ ቴፕስ ነው። ይህ ቤት የዳሬሰላሙን ሲንጌሊ ለዓለም ያስተዋወቀ ነው፤ ሲንጌሊ ከ200 ቢፒኤም በላይ የሚሮጥ የሠፈር ጭፈራ ሙዚቃ ነው። ዱማን ስትሰሙ ከበርሚንግሃም ግራይንድኮር ይልቅ ለምሥራቅ አፍሪካ ፍጥነት እንደሚቀርብ ይታወቃችኋል።

ካንጃ ሎርድ ስፓይክሃርት በሚል ስም በ2024 የመጀመሪያውን የግል አልበሙን «ዚ አዴፕት»ን አወጣ፤ መታሰቢያነቱንም የማው ማው አርበኛ ለነበሩት ለሴት ቅድመ አያቱ ለሙቶኒ ዋ ኪሪማ ሰጠ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ድልድይ አለ፤ ስሙ ቢል ላስዌል ነው። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋችና ፕሮዲውሰር ላስዌል በ1991 ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ዞርንና ከላይ ካነሳነው የናፓልም ዴዝ ድራመር ሚክ ሃሪስ ጋር ፔይንኪለርን አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራቸው በኢርኤክ ወጣ፤ በሁለተኛው፣ በ1992ቱ፣ የጎድፍሌሽ ሁለቱም አባላት በእንግድነት ተጫውተዋል። በ1994 ደግሞ ያንኑ ጩኸት ወደ ዱብና አምቢየንት ቀየሩት።

ይኸው ሰው ነው የጂጂን (የእጅጋየሁ ሽባባውን) የ2001 አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው። በ2003 የዚያኑ አልበም ድምፆች ወስዶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል እንደገና ቀመራቸው፤ የጂጂ ድምፅ ከሩቅ እየመጣ እየሄደ ቤዙ ከሥር ይንከባለላል። የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ»ንም በ2012 ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። ጂጂም ጃኖም ግራይንድኮር አይደሉም፣ ማንም አይሳሳት። ነገር ግን «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ»ን ከፔይንኪለር የ1994 ሥራ ቀጥሎ ብትሰሙ አንድ ሰው በሁለቱም ማደባለቂያ ላይ እንደተቀመጠ ቤዙ ይነግራችኋል።

ጆሮዬን ይጎዳል?

የሚጎዳው ዘውጉ ሳይሆን መጠኑና ጊዜው ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች መስፈርት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው፤ ኮንሰርት ደግሞ በቀላሉ እዚያ ይደርሳል። የጆሮ መሰኪያ ያዙ። በዲስቶርሽን የተሞላ ሙዚቃ ዝግ የሚልበት ክፍተት ስለሌለው ጆሮ ዕረፍት አያገኝም፤ በጆሮ ማዳመጫ ለረጅም ሰዓት ስትሰሙ ይህን አስቡ።

ቤቴ ሆኜ ብሠራው ምን ያስፈልገኛል?

ላፕቶፕና ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው እንዲያውም ከሜታል ባንድ ይሻላል፤ ጎረቤት አያንኳኳም። በማንኛውም የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ፍጥነቱን 170 አድርጉና የ909 ኪክ በየምቱ አስቀምጡ። ዲስቶርሽን ጫኑበት፤ ቀጥሎ ኢኩዋላይዘር አስገብታችሁ የሚያደነቁረውን መካከለኛ ድምፅ ትንሽ ቀንሱ፤ ከዚያ ሁለተኛ ዲስቶርሽን ድገሙ። አንዱን እስከ ጥግ ከመክፈት ሁለቱን በመጠኑ መደርደር የተሻለ ይሰማል። በመጨረሻ የኪኩን ጅራት ከጊታራችሁ የወፈረ ክር ኖታ ጋር አስማሙት። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ጊታሩና ኪኩ ለምን እንደሚጣሉ ግራ ይገባቸዋል።

ብላስት ቢት የምትጽፉ ከሆነ የምቶቹን ጉልበት አንድ ዓይነት አታድርጉ፤ የሰው ቀኝና ግራ እጅ እኩል አይመታም። የጎድፍሌሽን ዓይነት ማሽንነት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሁሉንም እኩል አድርጉትና ፍጥነቱን ግማሽ በግማሽ ቀንሱ።

የሰይጣን ወይም የዘረኞች ሙዚቃ ነው የሚባለውስ?

ጥያቄው ከባዶ አልመጣም፣ ስለዚህ ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። ኖርዌይ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የብላክ ሜታል ሰዎች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል፤ የፋንቶፍት ጥንታዊ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በ1992 ነደደ። በ1993 ደግሞ ዩሮኒመስን የገደለው በርዙም የተባለው ፕሮጀክት ብቸኛ ሙዚቀኛ ነው፤ ሰውዬው በኋላም የዘረኝነት አመለካከቱን በአደባባይ ጽፏል። ናዚነትን በግልጽ የሚሰብኩ ባንዶችም ዛሬ ድረስ አሉ። በጋበር በኩል የተላጨው ጭንቅላት ቀኝ አክራሪዎችን ስቦ ነበር፤ ያኔ አሳታሚዎች ጸረ ዘረኝነት መልእክት በሸክላዎቻቸው ላይ ማተም ጀመሩ።

በሌላ በኩል ናፓልም ዴዝ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጸረ ፋሺስት ነው፣ አታሪ ቲንኤጅ ራዮትን አይተናል፣ ዱማም አለ። አብዛኛው ዴዝ ሜታል ስለ ሞትና ስለ ሬሳ የሚያወራ አስፈሪ ተረት ነው እንጂ እምነት አይደለም። ክርስቲያን የሆኑ የኤክስትሪም ሜታል ባንዶችም አሉ። ስለዚህ ባንዱን በስሙ እየጠራችሁ ጠይቁ፤ ዘውጉን በጅምላ መኮነንም ማጽዳትም አይቻልም። ሃይማኖቱ የሚከለክለው ሰው ደግሞ ከማንም ፈቃድ መለመን የለበትም፣ አለመስማት መብቱ ነው።

ሲንተሳይዘር ያለበት ሜታል ሁሉ ድብልቅ ነው? ኮርን ከስክሪሌክስ ጋር የሠራውስ?

አይደለም፤ ክርክር የሚበዛውም እዚህ ነው። ኪቦርድ ከጀርባ ሆኖ እንደ ቫዮሊን ቡድን የሚያጅብባቸው የብላክ ሜታል አልበሞች ብዙ ናቸው። ኪቦርዱን ብታወጡት ዘፈኑ ድምቀቱን ያጣል እንጂ አይፈርስም። የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ የኤሌክትሮኒኩን ክፍል ዝም አሰኙትና የቀረው ራሱን ችሎ ይቆም እንደሆነ ስሙ። የ«ስትሪትክሊነር»ን ድራም ማሽን ብታጠፉ የሚቀረው ሁለት ሰው የሚያንገጫግጨው ክር ነው። የዘ በርዘርከርን ኪክ ብታወጡ ሌላ ባንድ ይሆናል።

የኮርን የ2011 «ዘ ፓዝ ኦፍ ቶታሊቲ» በዚህ መለኪያ መካከል ላይ ይወድቃል። ስክሪሌክስ ራሱ ዲጄ ከመሆኑ በፊት የጩኸት ባንድ ድምፃዊ ስለነበር የሚሠራውን ያውቃል፤ በጥሩዎቹ ዘፈኖች ላይ የደብስቴፑ ቤዝ የጊታሩን ቦታ ወስዶ ይናከሳል። በሌሎቹ ግን ጊታርና ቤዙ ተራ እየጠበቁ ይገባሉ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። የድራም ኤንድ ቤዝ (ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ) ቡድኑ ፔንዱለም በ2010 «ኢመርሽን» ላይ ከስዊድኑ ኢን ፍሌምስ ጋር የሠራውን «ሰልፍ ቨርሰስ ሰልፍ»ን ከእነዚህ ጋር አነጻጽሩት፤ እዚያ ጊታሩ የገባው በድራም ኤንድ ቤዙ ምት ልክ ተቆርጦ ነው።